አራተኛው ገጽ

ፊሌሞን ሂሳብ አይችልም። ይህን የምለው ልሰድበው ብዬ አይደለም። አበልጄ ነው፤ ልጁን አምፓሮን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ኦቲሊያ ነኝ። በመንደራችን በሳን ፕሮኮፒዮ፣ አፉ ላይ እሳት ተለኩሶ በሙቀት የሚነሳ የወረቀት ፊኛ በመሥራት እሱን የሚስተካከል የለም። የሱ ፊኛ መጋጠሚያው አይታይም፣ ወረቀቱ አይሸበሸብም፣ ከተራራው በላይ ሲሄድ አንገታችን እስኪደነዝዝ አንጋጠን እናየዋለን። ግን ለአንድ ፊኛ ስንት ሉክ ወረቀት እንደሚበቃ በሕይወቱ አስልቶ አያውቅም። የምታሰላለት አምፓሮ ነበረች። አምፓሮ ደግሞ የዛሬ አራት ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ወደምታስተምርበት ከተማ በአውቶቡስ ተሳፍራ ሄደች። አውቶቡሱ ደርሷል። እሷ አልደረሰችም።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በዓመቱ፣ ለመንደሩ በዓል፣ ነጭ ፊኛ ይለቀቅለታል። ወረቀቱን የሚያዋጣው ጎረቤት ነው። ሐዘንተኛው ይህን ያህል ሉክ ይበቃኛል ይላል፣ ከየቤቱ ይሰበሰባል፣ በዚያው አለቀ። ለአንድ ሟች አንድን ቤት ሁለት ጊዜ ወረቀት መለመን ነውር ነው፤ ሌላ ሬሳ ጨምሩልኝ እንደማለት ይቆጠራል። የመጨረሻው ወረቀት ብቻ ከእናት እጅ ይመጣል። እናት ካልሰጠች ፊኛው አይዘጋም፣ ያልተዘጋ ፊኛ ደግሞ አይነሳም። ለጠፋ ሰው ግን ፊኛ አይለቀቅም፤ የለቀቀ ሰው የጠፋው ሞቷል ብሎ ተናገረ ማለት ነው።

ታዲያ ፊሌሞን ሰኔ መጨረሻ ላይ እቤቴ መጣና ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አጥሚት ሰጠሁት፤ አልነካውም።

"አበልጄ፣ ዘንድሮ እለቅላታለሁ" አለኝ።

"ለማን?"

"ለማን እንደሆነ አታውቂም?"

አወቅሁ። ክፉ ነገር ልናገረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት።

"ሴሌሪናስ?" አልኩት። ሚስቱ ናት።

"አልነገርኳትም። ደክሞኛል፣ ኦቲሊያ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ናት ብዬ እነሳለሁ። ስልክ ሲጮህ ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ሌላው ሰው መርዶ ይመጣለታል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣለታል። እኔ የሚያረዳኝ አጣሁ። እንግዲህ ራሴን ላረዳ ነው።"

ምን ይባላል? እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም፤ "አጥሚቱ ቀዘቀዘ" አልኩት።

ሴሌሪና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ኮሩንዳ ትሸጣለች። ኮሩንዳ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልለን የምንቀቅለው፣ ባለ አራት ገጽ፣ ባለ ሹል ማዕዘን ሊጥ ነው። ከምትሸጠው የሚተርፋት ሁሉ ወረቀት ይሆናል፦ የአምፓሮ ፎቶ፣ ከላዩ "ተፈልጋለች" የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የሴሌሪና ስልክ ቁጥር። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከተማ ወርዳ ትለጥፋለች። ዝናብ ያወርደዋል፣ ሌላው ማስታወቂያ ይለጥፍበታል፣ እሷ መልሳ ትለጥፋለች። ጓዳዋ በዚያ ወረቀት እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ፊኛውን የሰማችው ከኔ ነው።

"ይሥራ" አለችኝ፣ ቅጠሉን እያጠፈች። "ከኔ እጅ ግን አንድ ሉክ አያገኝም። አፉን ከፍቶ ይቅር።"

በዚያ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልና ሚስት የሚነጋገሩት ስለ ጨው ብቻ ሆነ።

ፊሌሞን ለልጁ ክብ ፊኛ አልሠራም። አምፓሮ ከመጥፋቷ በፊት በሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ በጠመኔ የሣለችው ቅርጽ ነበር፤ እስካሁን ማንም እንዲያጠፋው አልፈቀደም። አንድ ሳጥን ወስዳችሁ አንዱን ማዕዘኑን በቢላ ብትቆርጡት የሚወድቀው ቁራጭ ነው። ሦስቱ ጠርዞች አንድ ጥግ ላይ እንደ ክፍል ጥግ ቀጥ ብለው ይገናኛሉ። አንዱ ሁለት ሜትር፣ አንዱ አራት፣ አንዱ ስድስት። ወደፊት እንሠራዋለን ብላ ነበር። ፊሌሞን ከዚያ ግድግዳ ፊት ለፊት ተቀምጦ አሰላ።

ሁለት በአራት፣ ግማሹ አራት ካሬ። ሁለት በስድስት፣ ግማሹ ስድስት። አራት በስድስት፣ ግማሹ አሥራ ሁለት። ሃያ ሁለት ካሬ። ለአንድ ካሬ፣ መጋጠሚያውን ጨምሮ፣ ሦስት ሉክ ይሄዳል። ስድሳ ስድስት ሉክ ብሎ ለጎረቤት ተናገረ። ሰውም አዋጣ። አንዳንዱ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም፤ የሴሌሪና ደንበኛ ነዋ።

አጣባቂዋ እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል እንጂ እጄ አልደከመም። በሳምንቱ ሦስቱ ገጾች አለቁ፣ በሦስቱም ጠርዝ አጋጠምናቸው፣ ግቢው ውስጥ በገመድ ወጥረን አቆምነው። ነጭ፣ ስስ፣ ነፋስ ሲነካው የሚተነፍስ የሚመስል ነገር ነበር። ፊሌሞን ዞር ዞር ብሎ አየው፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ያኔ ነው ሮጋሲያኖ የመጣው። የላይኛው ሠፈር ፊኛ ሠሪዎች አለቃ ነው፤ ሰው ሥራ ላይ ሳለ መጥቶ መጎንተል ይወዳል።

"ጋሼ ፊሌሞን፣ ድንኳን መሥራት ጀመሩ እንዴ? ለሠርግ ያከራያሉ?"

"ፊኛ ነው" አለው ፊሌሞን።

"ታዲያ ከታች ምነው ክፍት ሆነ?"

"አፉ ነዋ።"

"ይሄ ሁሉ አፍ? እኔ እንዲህ ያለ አፍ ያየሁት እትዬ ኦቲሊያ ጋ ብቻ ነው።"

"የኔ አፍ ቢያንስ ይዘጋል" አልኩት። "ያንተማ መክደኛም የለው።"

ሮጋሲያኖ ሳቀ፣ ከዚያ ግን ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና ሳቁ ጠፋ። "የምሬን ነው፣ ጋሼ። ሙቀቱ ሁሉ በዚህ ይፈሳል። እዚህ ላይ አንድ ገጽ ጎድሏል።"

ፊሌሞን ግድግዳውን አየ። እኔም አየሁት። አምፓሮ የሣለችው ጥጉን ወደኛ አድርጋ ነው፤ ከዚያ በኩል የሚታዩት ሦስት ገጾች ብቻ ናቸው፣ አራተኛው ያጋደለው ከኋላ ተደብቋል። እኛ ሰዎች ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ፊኛ ስንቆጥር የአፉን በኩል አንቆጥርም፤ የክብ ፊኛ አፍ ቀለበት ነው፣ ወረቀት አይፈልግም። ፊሌሞን እጁ በለመደው መንገድ ቆጥሮ አራተኛውን ገጽ አፍ አደረገው። አምፓሮ ግን አፉን የሣለችው ረጅሙ ጠርዝ ጫፍ ላይ ነበር፣ በትንሽ ክብ። ክቧን አራት ዓመት ሙሉ አይተናታል። ሁላችንም የጠመኔ ጠብታ ትመስለን ነበር።

ፊሌሞን የሙጫው ባልዲ ላይ ተቀመጠ። "በገዛ ልጄ ፊኛ" አለ። "በገዛ ልጄ ፊኛ እንኳ ልቆጥር አልቻልኩም።"

ሮጋሲያኖ ባርኔጣውን አወለቀ። ለሱ ትልቅ ነገር ነው። "ምን ያህል ይጎድላል?" አለ በቀስታ።

ማን ይወቀው! ያጋደለ ነገር ነው፣ ፊሌሞን ሜትሩን ይዞ ቆመና ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አምፓሮ ገና ተማሪ ሳለች እኔ ጋ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ኮሩንዳ ትፈታና ከመብላቷ በፊት ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋዋለች። "እቴቴ፣ ስንት ቅጠል እንደለበሰ ታውቂያለሽ?" ትለኛለች። "ሳይቀዘቅዝ ብይው" እላታለሁ። እሷ የት ትሰማኛለች! "የሳጥን ጥግ ከሆነ ቀላል ነው። የሦስቱን ገጽ ስፋት ካወቅሽ አራተኛውን መለካት የለብሽም። ሦስቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዣቸው፣ ደምሪያቸው፣ ከዚያ በራሱ ሲባዛ ያን ድምር የሚሰጥሽን ቁጥር ፈልጊ።" ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ! አንድም ቀን ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ቃሉ ግን እንደ ጸሎት አፌ ላይ ቀርቷል።

"አራት በአራት" አልኩ። "አሥራ ስድስት።"

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"ስድስት በስድስት ሠላሳ ስድስት። አሥራ ሁለት በአሥራ ሁለት መቶ አርባ አራት። ደምሩት።"

ሮጋሲያኖ በጣቱ አቧራው ላይ ጻፈ። "መቶ ዘጠና ስድስት።"

"በራሱ ተባዝቶ ይህን የሚሰጠው ማነው?"

አሥራ ሁለትን ሞከረ፣ አሥራ ሦስትን ሞከረ። አሥራ አራት ላይ ገጠመ። ልክክ አለ፣ ትርፍ የለ፣ ጉድለት የለ። ያኔ ነው ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ለምን እንዳለች የገባን። ለኛ ብላ ነው። ሽርፍራፊ የማያወጣ ልክ ፈልጋ፣ እሷ ሳትኖር እንኳ እንድንችለው አድርጋ ነው የተወችልን። ፊሌሞን ይህን ሲያስብ ፊቱ ሲፈርስ አየሁት፤ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

አሥራ አራት ካሬ፣ አርባ ሁለት ሉክ። ከሁሉም ትልቁ ገጽ። ጎረቤትን ደግመን አንለምንም። ሊሰጥ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ የእናት ወረቀት ይህን ያህል ብቻ ነው የሚል ሕግ የለም።

ለልመናው የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሴሌሪና ድስቷ ፊት ቆማ ነበር።

"አንድ ሉክ አልሰጥም ብዬሻለሁ" አለችኝ፣ አፌን ሳልከፍት።

"አንድ አይደለም፣ እቱ። አርባ ሁለት ነው።"

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ሳቀች። አራት ዓመት ሙሉ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር፣ ክው አልኩ። "ያቺ ተንኮለኛ!" አለች። "ትልቁን ገጽ ከኋላ ደበቀችበት! አባቷ ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ነው የሚያየው።" ከዚያ ሳቁ በምን እንደቆመ አላውቅም፣ ማንኪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ድስቱ ሊገነፍል ደረሰ፤ እኔ አወረድኩት።

"ስንት ካሬ አልሽኝ?"

"አሥራ አራት።"

ጓዳ ገባች። ስትወጣ በሁለት እጇ እስከ አገጯ ድረስ ወረቀት ታቅፋ ነበር። "ያዢ። ገና አለ።"

ፊሌሞን ወረቀቱን ሲያይ ተነሳ። ከየሉኩ ላይ ልጁ ታየዋለች።

"ይህን ለጥፉበት" አለችው ሴሌሪና። "ፊቷ ወደ ውጭ ይሁን። ስልኩን ሙጫ እንዳይሸፍነው።"

"ሴሌሪና፣ ይሄ ወፍራም ወረቀት ነው። ይከብዳል። አይነሳም።"

"ይክበድ። እሷም ቀላል ልጅ አልነበረችም።"

"እኔ ልሰናበታት ነው የፈለግሁት።"

"አንተ ተሰናበታት። ማን ከለከለህ? እኔ እፈልጋታለሁ። ለበዓሉ ከስንት አገር ሰው ይመጣል፣ ሁሉም ወደ ላይ ያንጋጥጣል። አንጋጦ ያንብብ።"

"ሞታለች፣ ሴሌሪና።"

"ማን ነገረህ?"

እሱን አይቼ አዘንኩ፣ እሷን አይቼ አዘንኩ፣ ከዚያ በሁለቱም ተናደድኩና ሙጫውን አነሳሁ። ያን ቀንና ማግስቱን ስለጥፍ ዋልኩ። አምፓሮ፣ አጠገቧ አምፓሮ፣ ከሥሯ አምፓሮ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን ፊት ሳስተካክል አለቅስ ነበር። ወደ መጨረሻው ፊት መሆኑን አላየሁም፤ ጠርዙን ብቻ ነው ያየሁት። ይህ ከማልቀሱ የባሰ አስፈራኝ። ሴሌሪና አራት ዓመት ሙሉ በየግንቡ ስትለጥፍ እንዲህ ሆና ይሆን? አልጠየቅኋትም።

ፊኛው ተዘጋ። የመጨረሻዋን ወረቀት ሴሌሪና በገዛ እጇ ለጠፈቻት፤ ወግ ነው ብላ ሳይሆን ጠምማ ስለነበር ልታስተካክላት ብላ ነው።

የበዓሉ ዕለት፣ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ አደባባዩ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሌሎቹ ፊኛዎች አንድ በአንድ ሄዱ። የኛ ተራ ሲደርስ ሮጋሲያኖ ሳይጠራ ከነሰዎቹ መጥቶ ጠርዙን ያዘ። ፓራፊን የጠጣ ወፍራም ጨርቅ ራሱ አዘጋጅቶ ነበር፣ ከተለመደው እጥፍ የሚሆን። "ካልሆነ በግድ እንልከዋለን፣ ጋሼ" አለ። ፊሌሞን አፉ ላይ እሳቱን ለኮሰ። ነጮቹ ገጾች ቀስ እያሉ ተነፉ፣ ተወጠሩ። አራተኛው ገጽ ግን ተንጋሎ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ እሱም ተወጠረ፣ ከውስጥ ብርሃኑ ገባበት፣ እነዚያ ሁሉ ፊቶች በሩ።

"ልቀቁ!" አለ ፊሌሞን።

ለቀቅን። ከራሳችን በላይ ሆነ። ከሱቁ ጣሪያ በላይ ሆነ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ትክክል ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረና ያጋደለውን ገጽ ወደ ሕዝቡ አደረገ። ሙዚቀኞቹ መንፋት አቆሙ። ሰዉ ሁሉ "ተፈልጋለች"ን እያነበበ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ፊሌሞን ከኔ በስተቀኝ ቆሞ፣ "ሂጂ፣ ልጄ" ይላል። "ሂጂ በቃ፣ ሂጂልኝ።"

ሴሌሪና ከኔ በስተግራ ቆማ፣ "ቆዪ" ትላለች። "ትንሽ ቆዪ፣ የኔ እናት። ያንብቡሽ። ቆዪ።"

እኔ መሃላቸው ነበርኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ አላወቅሁም። ልጅቷን እንዴት አድርጌ በሁለት ልክፈላት? እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በእሳት ተያይዞ ሁሉም ነገር ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

አልተያያዘም። አልሄደምም። ጨርቁ ነድዶ እስኪያልቅ እዚያው ሰገነቱ ትክክል ተንጠልጥሎ ቆየ፣ ከዚያ መብራቱ ከውስጥ እየደበዘዘ ወረደና ከምንጩ አጠገብ ጋደም አለ። መንደር ውስጥ የወደቀ የሐዘን ፊኛ ወዲያው ይቃጠላል፣ ይህም ወግ ነው። ፊሌሞን ክብሪቱን ከኪሱ አወጣ። ሁለት እንጨት ሰበረ።

ሴሌሪና ግን ከቀበቶዬ መቀሴን መዝዛ ተንበርክካለች። አራተኛውን ገጽ በጠርዙ ዙሪያ ቆርጣ አነሳችው፤ አንዱን ጎን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ፊሌሞን ክብሪቱን ይዞ ጠበቃት። እየጠበቃት መሆኑን አየሁ፤ ከዚያ ሁሉ ነገር ዛሬም ድረስ ልቤን የሚበላው ያ መጠበቁ ነው። ጨርሳ ስትነሳ እሳቱን ለኮሰ። ሃያ ሁለቱ ካሬ የሱ ሆኖ ተቃጠለ። አሥራ አራቱን እሷ አጣጥፋ በጀርባዋ ተሸክማ ሄደች።

በማግስቱ ስልኳ ጮኸ። እኔም እዚያ ነበርኩ፣ ፊሌሞንም ነበር። ሴሌሪና በሁለት እጇ ይዛ አነሳችው። ሰውየው ከሩቅ አገር ነው፤ በዓሉ ላይ ያንን የሚያምር ፊኛ አይቶ፣ ለልጁ ልደት አንድ ይሠሩልኝ ይሆን ወይ ነው የሚለው። "ባለቤቴን ልጠይቅልዎ" አለችው፣ በጨዋ ደንብ፣ ስልኩንም ዘጋች። ከዚያ ወዲህ የደወለ የለም።

ፊሌሞን ጥቁር ለብሷል። ለቅሶ ተቀምጦ ሰው ደርሶታል፣ አልቅሷል፤ ወጥቶለት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሴሌሪና ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማ ትወርዳለች። ወረቀቶቹን ከየመጋጠሚያው ለያይታ ነው የምትለጥፋቸው፤ ጭስ ጭስ ይሸታሉ፣ አንዳንዱ ጠርዝ ላይ የነጩ ወረቀት ብጣሽ ተጣብቆ ቀርቷል። እዚያ ቤት አሁንም አብረው ይበላሉ፣ ስለ ጨው ይነጋገራሉ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ የአምፓሮ ፎቶ አለ፣ ከፊት ለፊቱ የሙታን ሻማ። እሱ ጠዋት ያበራዋል። እሷ ከሥራ ስትመለስ፣ መቀነቷን እንኳ ሳትፈታ፣ እፍ ብላ ታጠፋዋለች።